ለዘብተኛ ሁሉ አድርባይ ነው ያለሽ ማነው?

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው ስለ ኢራን ሕገ መንግሥታዊ አብዮት የምትሠሪውን ጽሑፍ ስታጫውቺኝ «ለዘብተኞቹማ ያው አድርባዮች ናቸው» ብለሽ በአንድ ቃል አለፍሻቸው። በስልክ ልከራከርሽ ብዬ ነበር፤ ካርዱ አይበቃም ብዬ ተውኩት።

እስቲ ከየት እንደመጡ እዪ። ከመሪዎቻቸው ሁለቱ ቤህባሃኒና ታባታባኢ የሚባሉ የሃይማኖት አባቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሻሁን፣ ማለት ንጉሡን፣ ተቃውመው ቴህራንን ጥለው ወደ ቆም ከተማ ሄዱ። የገበያው ሰው ደግሞ ሱቁን ዘግቶ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን (ኤምባሲ) ግቢ ተጠለለ። ከ12 ሺህ በላይ ሰው! እያንዳንዱ የሙያ ማኅበር ድንኳኑን ተከለ። በትልልቅ ጎላ ምግብ ይበስላል፣ ወጪውን ነጋዴዎች ይችላሉ። ሻሁ ሳይወድ በግዱ ፓርላማ ፈቀደ። አድርባይ እንዲህ ያደርጋል?

ፓርቲዎቹ፣ ዲሞክራቶቹና ለዘብተኞቹ፣ የመጡት ቆይተው ነው። በ1908 አዲሱ ሻህ ፓርላማውን በመድፍ አስደበደበ፤ በዓመቱ እሱም ከዙፋኑ ወረደ። በሁለተኛው ፓርላማ ዲሞክራቶቹ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ መሬት ለገበሬው ይከፋፈል አሉ። ብዙ መቀመጫ የነበራቸው ለዘብተኞቹ ግን ባለርስቱን፣ ነጋዴውንና የሃይማኖት ሰዎችን ነው የያዙት። በመሬቱ ጉዳይ አልከራከርላቸውም፤ የራሳቸውን ጥቅም ነው የጠበቁት።

በሐምሌ 1910 ታጣቂዎች ቤህባሃኒን ቤቱ ድረስ ገብተው ገደሉት። ጣት ዲሞክራቶቹ ላይ ተቀሰረ፤ መሪያቸው ታቂዛዴህ አገር ጥሎ ወጣ። ብዙ ሳይቆይ የእሱ ዘመድ በለዘብተኞቹ ወገን በበቀል ተገደለ። ለዘብተኛ መባል ጠመንጃ አላስጣለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሳታር ካን ነገር ነው። የታብሪዝን ከተማ ከሻሁ ጦር የተከላከለው ጀግና ቴህራን ሲገባ በክብር ተቀበሉት፤ እሱም ወደ ለዘብተኞቹ አደላ። በነሐሴ መንግሥት ታጣቂዎቹን ትጥቅ ፍቱ አላቸው። የሱ ሰዎች እምቢ አሉ። አታባክ በሚባለው መናፈሻ ተኩስ ተከፈተ፤ ሳታር ካን እግሩን ተመታ። የተኮሱት እሱ ሕይወቱን አስይዞ የታገለለት የሕገ መንግሥቱ ወታደሮች ናቸው። ይህን ሳትጽፊ እንዳታልፊ።

በ1911 ሩሲያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስትልክ ፓርላማው አልቀበልም አለ፤ በታኅሣሥ ተዘጋ።

እናም «አድርባይ» የምትለዋን ሰርዢና በቦታዋ ማን የማንን መሬትና ሱቅ ሲጠብቅ እንደነበር ጻፊበት። ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ብርድ ነው አሉ፣ ልበሺ።

አባትሽ