ከወገብ በላይ ያለውን ስለሚነግረን በትር፦ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

ክቡር ከንቲባ፣

በዚህች ከተማ ለሃያ ዓመታት ያህል በነጭ በትር እየተመራሁ የኖርሁ ዐይነ ስውር መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት ከጊዮርጊስ ወደ ገበያ ስሄድ፣ በግንባታ ላይ ካለ ሕንፃ የመወጣጫ አጣና በግንባሬ ቁመት ልክ ወደ እግረኛው መንገድ ወጥቶ ኖሯል። በትሬ ከሥሩ አለፈ፤ መሬቱ ደልዳላ መሆኑን ነገረኝ፤ እኔም አምኜው ተራመድሁ። ደሜን በነጠላዋ የጠረገችልኝ ሻይ ሻጭ እህት «ወይኔ ወንድሜ፣ በትሩ አልነገረህም?» አለችኝ። ግንባሬ አራት ቦታ ተሰፍቶ ዳነ፤ ጥያቄዋ ግን አሁንም አብሮኝ አለ።

ነጭ በትር መሬት ላይ ያለውን፣ ማለትም ጉድጓዱን፣ ድንጋዩንና የመንገዱን ጠርዝ በሚገባ ያሳውቃል፤ ወደ ውጭ የተከፈተ መስኮት፣ የቆመ አይሱዙ መስታወት ወይም ያዘነበለ ቅርንጫፍ ግን የሚታወቀን በፊታችን ስንመታው ነው። ስማርት በትር የሚባለው ይህን ክፍተት ይሞላል። እጀታው ላይ ያለው መሣሪያ ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ወደ ፊት ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ ለመመለስ ከወሰደበት ጊዜ ርቀቱን አስልቶ በመዳፍ ላይ ይነዝራል። በዴልሂ በሚገኘው የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ለተጠቃሚ የቀረበው መሣሪያ እስከ 3 ሜትር ርቀት ያለውን እንቅፋት የሚለይ ሲሆን፣ በተራው ታጣፊ በትር ላይ የሚገጠም ነው።

እንዲህ ያለውን በትር አንድ ጊዜ፣ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሠርተው ሲያስሞክሩኝ፣ በእጄ ይዤዋለሁ። በጸጥተኛው መንገድ ላይ የዘንባባውን ግንድ ሳልደርስበት መዳፌ ሲነግረኝ ያደረብኝን ስሜት መግለጽ ይቸግረኛል። ገበያ ውስጥ ግን ከሰው ብዛት የተነሣ ንዝረቱ አላቋርጥ ስላለ ግራ አጋባኝ። ተማሪዎቹ ተመረቁ፤ በትሩም የት እንደገባ አላውቅም።

ስለዚህ የምለምንዎ፣ አስተዳደሩ ከክልሉ ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀምጦ እነዚህን በትሮች ለከተማችን ዐይነ ስውራን የሚያቀርብበትን መንገድ እንዲከፍት ነው። ግዢው ከመፈጸሙ በፊት እኛው በእግራችን እንሞክራቸው፤ በትሩን የሚቀበል ሁሉ አጠቃቀሙን የሚለማመድባቸው ሳምንታት ይመደቡለት። ከሁሉም በላይ ጥገናው እዚሁ ይሁን። ባትሪው የደከመ በትር የሚያየው ባለሙያ ካጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ በዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ያሉ የኤሌክትሪክ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ሥራ ተግባራዊ ትምህርት ቢያደርጉት እነርሱም እኛም እንጠቀማለን።

ጥያቄዬ የምጽዋት ጥያቄ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል፤ አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 20 የመንቀሳቀሻ መሣሪያዎች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገኙ ይጠይቃል። በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ትራኮማ ዐይናቸውን ያጠፋባቸው፣ ልጅ ከትምህርቱ እየቀረ እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው ወላጆች አሉ። በትር ሲታሰብ የዚያ ልጅ ደብተርም አብሮ ይታሰብልኝ።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ። ወደ ፊት የሚያዳምጠው ይህ መሣሪያ ክዳን የሌለውን የፍሳሽ ጉድጓድ አይነግረንም፤ ከኋላ በፍጥነት የሚመጣውን ብስክሌትና ባጃጅም አያውቅም። በትሩ መጣ ተብሎ የእግረኛ መንገዱ ጉዳይ እንዳይዘገይ፣ ግንባታ የሚያካሂዱም አጣናቸውን ከእግረኛው መንገድ እንዲመልሱ ቁጥጥር ይደረግ።

ሙከራው የሚጀመርበት ቀን ሲቆረጥ፣ አጣናው ባገኘኝ በዚያው መንገድ ላይ ከባለሙያዎችዎ ጋር ለመሄድ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የከተማዋ ነዋሪ መምህር