የታሪክ ክበብ ዘንድሮ፦ ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ?

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ርዕስ ከወትሮው ወጣ ያለ ነው። አገሮች መጤን በዘሩ እየለዩ የከለከሉበት ታሪክ። ርዕሱን ያመጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ የእኔ ድርሻ መጻሕፍት ማፈላለግና ጭቅጭቅ መዳኘት ነበር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የጀመርነው ከአሜሪካ ነው። ቻይናውያን የባቡር ሐዲዱን በርካሽ ጉልበት ሠርተው ካስረከቡ በኋላ፣ በ1882 የወጣ ሕግ ቻይናዊ የጉልበት ሠራተኛ እንዳይገባ ከለከለ። ለ10 ዓመት ተብሎ ነበር። በ1892 ታደሰ፤ ኋላም የጊዜ ገደቡ ጭራሽ ተነሳ። የተሻረው በ1943 ነው፤ ያውም ሁለቱ አገሮች በጦርነቱ አንድ ወገን ስለነበሩ። በምትኩ ለቻይናውያን የተፈቀደው ኮታ በዓመት 105 ሰው! ተማሪዎቹ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሏቸው ሌላ መጽሐፍ ገልጠዋል።

በጣም የወደዱት የኤንጅል ደሴትን ታሪክ ነው። ደሴቷ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ናት፤ ከ1910 እስከ 1940 የመጤዎች መመርመሪያ ጣቢያ ነበረች። በ1906 የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የከተማዋ መዝገብ ወድሟል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች «አሜሪካ የተወለደው የእገሌ ልጅ ነኝ» የሚል ወረቀት ገዝተው ይመጡ ነበር። መርማሪዎቹም ነቄ ናቸው። ቤታችሁ ስንት ደረጃ አለው? ከእናንተ ሦስተኛው ቤት የማን ነው? እያሉ ይጠይቁና መልሱን ከዘመድ ቃል ጋር ያመሳክራሉ። ካልገጠመ መባረር ሊመጣ ይችላል።

ይህን እኛም ሞከርነው። ወንድምና እህት የሆኑ አባላት አሉን። እሷን ውጭ አስቀምጠን እሱን ጠየቅነው። የቤታችሁ መስኮት ስንት ነው? የሳሎኑ በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ? አያታችሁ ያረፉት በየትኛው ወር ነው? ከዚያ እሷ ገባች። በመስኮቱ አልተስማሙም። በበሩም አልተስማሙም። በአያታቸው ጉዳይ ጭራሽ ተጣሉ። መርማሪ የሆነው የ9ኛ ክፍል ልጅ ወረቀታቸው ላይ ማኅተም ደለቅ አድርጎ «ዘመድ አይደላችሁም፣ ወደመጣችሁበት» አላቸው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እውነተኛ ልጆችም በዚህ መንገድ ይወድቁ እንደነበር ያን ቀን ሁሉም ገባው።

እኔን ይበልጥ የገረመችኝ ግን አውስትራሊያ ናት። የ1901 ሕጓ ፈተናውን ሲደነግግ የማንንም ዘር አይጠራም። በአንድ የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃል ሲነበብልህ ጻፍ ነው የሚለው፤ ያው እኛ ዲክቴሽን የምንለው። ቋንቋውን የሚመርጠው ግን ሹሙ ነው። እንግሊዝኛ ትችላለህ? እንግዲያው በሌላ። ከ1909 በኋላ ፈተናውን ያለፈ አንድም ሰው የለም። በ1934 የናዚ ተቃዋሚ የነበረው ደራሲ ኤጎን ኪሽ ብዙ ቋንቋ የሚችል ሆኖ ቢያስቸግራቸው በስኮትላንድ ጌሊክ ፈተኑት። ወደቀ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጌሊክ ሕጉ የሚለው ዓይነት የአውሮፓ ቋንቋ አይደለም ብሎ ባይደርስለት ኖሮ አለቀለት። ፈተናው የቀረው በ1958 ነው። የ1882ቱ የአሜሪካ ሕግ ቢያንስ የማይፈልገውን በስሙ ይጠራል። ይኼኛው ይፈትንሃል፣ ይጥልሃል፣ ከዚያ ጥፋቱን ያንተ ያደርገዋል።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በቁጥር አለፈ። የአሜሪካ የ1924 ሕግ ለየአገሩ የሰጠው ኮታ በ1890 የሕዝብ ቆጠራ ከተመዘገቡት የዚያ አገር ተወላጆች 2 በመቶ ነው። ለምን በ1890? ጣሊያኖች፣ ፖላንዶችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በብዛት የመጡት ከዚያ ወዲህ ስለሆነ ነዋ። ለጀርመን 51,227 ሲደርሳት ለጣሊያን 3,845። ከዚያ በፊት ጣሊያኖች በዓመት ከ200,000 በላይ የገቡበት ጊዜ ነበር። ጃፓኖች ደግሞ ዜግነት ማግኘት አይችሉም ተብሎ ጨርሶ ተዘጋባቸው። ሠንጠረዡ ላይ ኢትዮጵያም አለች፣ 100 ተብላ። አንዷ ተማሪ ደስ ብሏት «አስበውልናል!» ብላ ነበር። 100 ዝቅተኛው ኮታ መሆኑ ሲነገራት ዝም አለች። በአገር የሚከፋፈለው ይህ ኮታ የቀረው በ1965 በወጣው ሕግ ነው።

በወላጆች ቀን ክርክር አቀረብን፦ «አገር የሚገባባትን የመምረጥ መብት አላት ወይስ የላትም?» አላት ያለው ቡድን በደንብ ተከራከረ፤ ዳኞቹም ለእሱ ፈረዱ። እኔ ግን ከሌላው ቡድን የተነሳው ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ መብቱ እንዲህ ግልጽ ከሆነ የማይታለፍ ፈተና ማዘጋጀት ለምን አስፈለገ? ተከራካሪዎቹ ወደ መብቱ ተመለሱ እንጂ ለጥያቄው መልስ አልሰጡም።

የመጪው ዓመት ርዕስ ተመርጧል። በ1938 ኤቪያን ላይ 32 አገሮች ስለ አይሁድ ስደተኞች ያደረጉት ስብሰባና በዓመቱ ከኩባም ከአሜሪካም የተመለሰችው ሴንት ሉዊስ መርከብ። ምዝገባው ትምህርት እንደተከፈተ ይጀምራል። ካርታ መሳል የሚችል ቢመጣ ደስ ይለናል።