ለደንበኞቻችን፦ በተነጣጠለ ትኬት የአንድ ቀን ጉዞ መሸጥ ስላቆምንበት ምክንያት

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመስከረም ወዲህ ቢሯችን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን ትኬት ለብቻ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ያለውን ደግሞ በሌላ አየር መንገድ ለብቻ ቆርጦ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያገናኝ ጉዞ አይሸጥም። ወደ ውጭ የምትሄዱ ከሆነ ወይ ከባሕር ዳር እስከ መድረሻችሁ በአንድ ትኬት እንቆርጥላችኋለን፣ ወይም አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ገብታችሁ እንድታድሩ እናደርጋለን።

ይህን ከሰማችሁ በኋላ ብዙዎቻችሁ እንደተቆጣችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ በስልክ፣ አንዳንዶቻችሁ ቢሮ ድረስ መጥታችሁ ነግራችሁኛል። «ከሆቴሎች ጋር ተስማምተሽ ነው» የተባልኩት በጣም ከብዶኛል። ከየትኛውም የአዲስ አበባ ሆቴል አንድ ሳንቲም ተቀብለን አናውቅም፤ የምታድሩበትንም እኛ አንመርጥላችሁም። ዘመድ ጋ ብታድሩ ደስ ይለናል። አንዲት ልጆቻቸውን ሁሉ በእኛ በኩል የሸኙ እናት ደግሞ «ልጄ፣ አንቺም ተለወጥሽብኝ» ብለውኛል። ያ ቃል እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ወጪ ስለጨመረባችሁና ቅር ስለተሰኛችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ግን ይቀጥላል፤ ምክንያቱንም ቁጭ ብዬ መጻፍ የመረጥኩት በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

በዚህ ክረምት የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ወጣት ደንበኛችን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር ለሥራ ትሄዳለች። ቪዛዋ የሚያልፍበት ቀን ቀርቧል። ቤተሰቡ የረከሰውን ፈልጎ ሁለት ትኬት አስቆረጠ፤ ጠዋት ከባሕር ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ከቦሌ በሌላ አየር መንገድ። የዚያን ዕለት ጠዋት ዝናቡና ደመናው ከሐይቁ አልነሣ ብሎ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ማረፍ አልቻለም። ልጅቷ ቦሌ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ሁለተኛው አየር መንገድ «ኖ ሾው» ብሎ መዘገባት፤ በእሱ መዝገብ መንገደኛዋ አልመጣችም፣ አለቀ። የመጀመሪያው ደግሞ የሸጠላት ባሕር ዳር–አዲስ አበባን ብቻ ነው፤ እሱንም በዚያው ቀን አድርሷታል። በማንም ላይ የምትቆምበት መብት አልነበራትም። ማታ አባትና ወንድሟ ቢሯችን መጥተው ቆሙ። አዲሱን ትኬት ለመግዛት ከጎደለው ላይ እኛም ከኪሳችን አዋጥተናል። ይህን የምጽፈው ምስጋና ፈልጌ አይደለም። አንድ ትንሽ ቢሮ በየክረምቱ ይህን ማድረግ እንደማይችል እንድትረዱልኝ ነው።

በአንድ ትኬት ብትሄድ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በአንድ ቡኪንግ፣ ማለትም በአንድ የጉዞ ምዝገባ ሲቆረጥ አየር መንገዱ የሸጠላችሁ ከባሕር ዳር እስከ መጨረሻው መድረሻ ነው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው ማሳፈር የእሱ ሥራ ነው፤ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ታግ ተደርጎ ይሄዳል። በተነጣጠለ ትኬት ግን ከሀገር ውስጥ ተርሚናል ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ፣ ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ እንደገና ተሰልፋችሁ ነው። አንድ እግር በአንዱ ታንኳ፣ አንድ እግር በሌላው ታንኳ አድርጎ ጣናን እንደ መሻገር ነው፤ ነፋስ እስካልመጣ ድረስ ይሄዳል።

ሕጉም የሚቆጥረው እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም አቀፍ በረራ የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስነው የሞንትሪያል ስምምነት አባል የሆነችው በ2006 ዓ.ም. ነው። በአንድ ትኬት ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ውጭ አገር ስትሄዱ የባሕር ዳር–አዲስ አበባዋ አንድ ሰዓት ያህል በረራም የዓለም አቀፉ ጉዞ አካል ትሆናለች፤ ስምምነቱ በአብዛኛው ይሸፍናታል። በመዘግየት ለደረሰባችሁ ኪሳራ አየር መንገዱ ተጠያቂ ነው፤ ጉዳቱ እንዳይደርስ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ ማድረጉን ካላስረዳ በቀር። ጣሪያው ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 6,303 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፤ አንዱ ከአንድ ዶላር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ይህ ቁጥር ጣሪያ ነው እንጂ ለዘገየ ሁሉ የሚታደል ገንዘብ አይደለም። የሚከፈለው የደረሰባችሁ፣ በማስረጃም የምታሳዩት ኪሳራ ነው። የሆቴል ደረሰኝ፣ የታክሲ ደረሰኝ፣ የገዛችሁት ምግብ ደረሰኝ፣ ቦርዲንግ ፓስ። እባካችሁ ቦርዲንግ ፓስ አትጣሉ! ከአውሮፕላን ወርደው መጀመሪያ የሚጥሉት እሱን ነው፤ ከዚያ እኔ ጋ መጥተው «ክሰሽልኝ» ይሉኛል። ክስ የሚቀርብበት ጊዜም 2 ዓመት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ 600 ዩሮ ነው። ጀርመን ያለ ዘመድ «እኔ በረራዬ ዘግይቶ 600 ዩሮ ተከፈለኝ» ይላችኋል። እናንተም «የኛን ማን ወሰደው?» ትላላችሁ። በቀጥታ አትሉኝም፣ ግን ዓይናችሁ ላይ አነበዋለሁ። ስለዚህ ግልጽ ላድርገው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ቁጥር 261 ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሣን ማንኛውንም በረራ ይሸፍናል፤ አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን። ወደ አውሮፓ የሚገባውን ግን የሚሸፍነው አየር መንገዱ የአውሮፓ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በአፍሪካ ወይም በባሕረ ሰላጤ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ስትሄዱ ብትዘገዩ ያ ደንብ አይመለከታችሁም። በዚያው አየር መንገድ ከፍራንክፈርት ስትመለሱ ግን ይመለከታችኋል። የዘመዳችሁና የእናንተ ልዩነት ይኼው ነው፤ እሱ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ለዚህም ቢሆን አንድ ትኬት መሆኑ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ። መንገደኛዋ ከበርሊን ተነሥታ በካዛብላንካ በኩል ወደ አጋዲር ትሄዳለች። ችግሩ የተፈጠረው ካዛብላንካ ላይ ነው፤ አውሮፕላን የተቀየረው ሞሮኮ ውስጥ ነው፣ አየር መንገዱም የአውሮፓ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን «በአንድ ቡኪንግ የተቆረጠ ስለሆነ ጉዞው አንድ ነው» ብሎ ደንቡ እንደሚሸፍናት ወሰነ። ይህን ወደ እኛ አምጡት። ልጃችሁ ከፍራንክፈርት በአዲስ አበባ በኩል ባሕር ዳር በአንድ ትኬት ሲመጣ፣ የሚቆጠረው መዘግየት ባሕር ዳር በደረሰበት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ በሰዓቱ ደርሶ፣ የባሕር ዳሩ በረራ በአየር መንገዱ ጥፋት ቀርቶ ከ4 ሰዓት በላይ ቢዘገይ 600 ዩሮ የመጠየቅ መብት አለው። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ ግማሹን ሊከፍሉት ይችላሉ። የባሕር ዳሩን ለብቻው «ርካሽ ነው» ብሎ ከቆረጠ ግን መብቱ ቦሌ ላይ ያበቃል። ለጥቂት ሺህ ብር ብሎ ማለት ነው።

ገንዘቡም የመንገደኛው ነው። አየር መንገዱ የሚከፍለው ለተጓዡ እንጂ ለወኪል አይደለም። እኛ ማመልከቻውን በነጻ እንጽፋለን። በኢንተርኔት የሚሠሩ፣ ከሚገኘው ካሣ ላይ ሩብና ከዚያ በላይ የሚቆርጡ ድርጅቶች አሉ፤ እኛ ጋ ግን ፎርሙን ለመሙላት የከፈለ ሰው የለም።

አየር መንገዱ የማይከፍልበትም ጊዜ አለ። መጥፎ የአየር ጠባይ፣ የወፍ ግጭት፣ የጸጥታ ችግር። የወፍ ግጭትን የአውሮፓው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ልዩ ሁኔታ ነው ብሎታል፤ ተራ የቴክኒክ ብልሽት ግን በአብዛኛው ሰበብ አይሆንም። በእነዚህ ጊዜያት እንኳ ከአውሮፓ በሚነሣ በረራ ላይ ምግብና ማደሪያ መስጠቱ አይቀርም። ወፍ ሲባል አንዳንድ ደንበኛ ይስቃል። እኔ መሳቅ አልችልም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣ ቦይንግ 737 ሞተሮቹ ውስጥ የርግብ መንጋ ገብቶበት ወድቋል። ተሳፍረው ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከተማው እንዴት እንደዋለ ዕድሜያችሁ የፈቀደ ታስታውሳላችሁ። በሐይቅ ዳር ከተማ አብራሪ «አልነሣም፣ ልጠብቅ» ሲል እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። ልከራከር የምፈልገው መዘግየቱን አይደለም። አውሮፕላኑ ሲጠብቅ የእናንተ ገንዘብ እንዳይጠፋ ነው።

ወደ አሜሪካ ለምትሄዱ፣ በተለይ ዲቪ ለደረሳችሁ፣ ባጭሩ፦ እዚያ ለመዘግየት ካሣ የሚያስከፍል እንደ አውሮፓው ያለ ሕግ የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደንብ ግን በረራው ከተሰረዘ ወይም ዓለም አቀፍ ከሆነ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከተለወጠ፣ እናንተም ሌላ አማራጭ ካልተቀበላችሁ፣ ሙሉ ገንዘባችሁ እንዲመለስ ያዛል። በሞንትሪያል ስምምነት ደግሞ ሻንጣ ከተጎዳ በ7 ቀን፣ ከዘገየ በእጃችሁ በገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ከኤርፖርቱ ሳትወጡ ብታስመዘግቡ ግን ይሻላል።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ። ይህን ሥራ የጀመርኩት ትኬት በወረቀት በነበረበት ዘመን፣ ጊዮርጊስ አካባቢ በአንድ ጠረጴዛ ነው። የወረቀቱ ትኬት በ2000 ዓ.ም. ሲቀር «ትኬቴ የታለ?» እያላችሁ በባዶ እጅ መውጣት ፈርታችሁ ነበር። ለእናቶቻችን ቁጥሩን በትልቁ በእጄ ጽፌ እሰጥ ነበር። ከዘጌ፣ ከመራዊ፣ ከሐሙሲት፣ ከአዴት እየመጣችሁ «እሷ ጋ እንቁረጥ» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። እዚህ ያደረሰኝ የእናንተ እምነት ነው፤ አሁንም የምለምነው እሱኑ ነው።

ጊዜው ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የውጭ ትኬት ዋጋ መሠረቱ ዶላር ነው። «ዶላር ሲጨምር አንቺም ጨመርሽ» ያላችሁኝ፣ ጭማሪው እኔ ጋ አይቀርም፤ በአያታ (የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር) የሒሳብ ሥርዓት በኩል በቀኑ ለአየር መንገዱ ይሄዳል። ሪፈንድ ስትጠይቁም የሚዘገየው ለዚህ ነው፤ ገንዘባችሁ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አይደለም። የእኛ ኮሚሽን በየዓመቱ ሲያንስ እንጂ ሲጨምር አላየሁም። የቤት ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ የሠራተኞቼ ደመወዝ አሉ። ሰው በመሬት መንገድ ከመሄድ አውሮፕላንን የሚመርጥበት ጊዜ ስለሆነ ወኪሎች ተጠቀሙ የሚል አለ። የተጠቀምን ቢሆን በሁለት ቢሮ ፋንታ አንድ ቢሮ አንይዝም ነበር።

ሁለት ትኬት መሸጥ ለእኔ ይቀለኛል። ሁለት ሽያጭ ነው፤ የረከሰ ስለሚመስል ደንበኛም ይበዛል። አሁን ይህን ጉዞ ከሌላ ቦታ የምትቆርጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መሄዳችሁ ያሳዝነኛል፤ አልቀየማችሁም። እባካችሁ ግን እዚያም ብትሆኑ «ሁለቱ በአንድ ቡኪንግ ናቸው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከመስከረም በፊት ከእኛ የተነጣጠለ ትኬት ገዝታችሁ ገና ያልተጓዛችሁ ትኬታችሁን ይዛችሁ ኑ። የባሕር ዳሩን በረራ ወደ ዋዜማው ቀን እናዛውርላችኋለን። አየር መንገዱ የሚጠይቀው የቅያሪ ልዩነት ካለ እሱን ብቻ ትከፍላላችሁ፤ የእኛን የአገልግሎት ክፍያ አንጠይቅም። ዕድሜያቸው ለገፋና መምጣት ለማይችሉ፣ ልጅ ወይም ጎረቤት የፓስፖርቱን ቅጂና ትኬቱን ይዞ ቢመጣ ይበቃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ክፍት ነን።

ከአክብሮትና ከምስጋና ጋር፣

የጉዞ ወኪሉ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር