ደብዳቤ ለልጄ፦ ማሽኑ የቆመ መስሎኝ

ዓለሜ፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኮምቦልቻ እንደ ልማዷ ሙቀቷን ለቃዋለች። ደሴ ያሉት አክስትሽ ግን አሁንም ጋቢ ለብሰው ነው የሚውሉት። ሐረጎን ወጥቶ ለሚወርድ ሰው እኮ ሁለት አገር ነው። ይህን በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ቶሎ ይከፋሻል፣ እኔ ቶሎ እቆጣለሁ፣ ካርዱም ቶሎ ያልቃል።

«እማ፣ አራተኛ ዓመትን አልመዘገብም፤ ባንዱ ላይ ላተኩር ነው» ያልሽኝ ቀን ዝም አልኩሽ። የተስማማሁ እንዳይመስልሽ። የተቆጣሁም እንዳይመስልሽ። ምን እንደምትጫወቺ ሳላውቅ ምን ብዬ ልቆጣ? የማውቀው ጥቁሩን ቲሸርትሽን ብቻ ነው። ለዕረፍት ስትመጪ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ጎረቤት እንዳያየው ገልብጬ ነው የማሰጣው። ደረቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ወንድምሽን ብጠይቀው «ሞት ማለት ነው እማ፣ የባንድ ስም ነው» አለኝ። አዑዙ ቢላህ! እጄን አራግፌ ገባሁ።

ከተነጋገርን በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ቡና አፍልቼ ወንድምሽን «ቁጭ በልና ይሄ እህትህ የምታመልከው ሰውዬ ማን እንደሆነ ንገረኝ» አልኩት። ስልኩን ይዞ እያነበበ ተረጎመልኝ። አቦሉ ላይ ልጁ ተወለደ፣ ቶናው ላይ ዝነኛ ሆነ፣ በረካው ላይ ሞተ። ስኒዬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ወንድምሽ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ።

ቻክ ሹልዲነር፣ የቲሸርትሽ ባንድ መሥራች። አየሽ፣ ስሙን ይዤዋለሁ። በፈረንጆቹ 1967 ኒውዮርክ ተወልዶ ፍሎሪዳ ያደገ። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ የ16 ዓመት ታላቅ ወንድሙ በመኪና አደጋ ሞተበት። ወላጆቹ ሐዘኑን የሚያስረሳው ነገር ቢያጡ ጊታር ገዙለት። አስተማሪ ቀጠሩለት፤ የሕፃናት መዝሙር ሲያስጠናው ጊዜ ልጁ አልወደደውም፣ ተወው። ኋላ ሰው ከደጃፉ አውጥቶ ከሚሸጠው አሮጌ ዕቃ መሃል የኤሌክትሪክ ጊታር አገኙለት። ከዚያ ወዲያ ከእጁ አልወጣም። ወንድሙን በዘጠኝ ዓመቱ የቀበረ ልጅ ባንዱን «ሞት» ብሎ ቢሰይመው አሁን አይገርመኝም። ከቤቱ የገባውን እንግዳ በስሙ ጠራው፣ በቃ። ቲሸርትሽንም ከእንግዲህ ሳልገለብጥ ነው የማሰጣው።

ባንዱን በ1983 ሲመሠርት 16 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ማንታስ ይባል ነበር፣ ኋላ ነው ዴዝ፣ ያው «ሞት»፣ የሆነው። ያኔ የሚያሳትማቸው አልነበረም። በካሴት ይቀዳሉ፣ በፖስታ ይልካሉ፣ የደረሰው ደግሞ ቀድቶ ለሌላው ይልካል። እንዲህ እየተባለ ድምፃቸው ከአገር አገር ዞረ። ይሄ ለኔ አዲስ አይደለም። በኛም ጊዜ አንድ ካሴት ሰፈሩን ያዳርስ ነበር፤ ሪቦኑ ሲጠላለፍ በእስክርቢቶ እያጠነጠንን። ስምንተኛው ሰው እጅ ሲደርስ ዘፋኙ ከውኃ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል፤ ግን እንሰማዋለን።

በ1987 የመጀመሪያው አልበም ወጣ። ከበሮውን ሌላ ልጅ መታለት፤ ጊታሩም፣ ቤዙም፣ ጩኸቱም የሱ ነው። ዴዝ ሜታል የምትሉት ጩኸታም የሙዚቃ ዓይነት መልክ የያዘው እዚያ ላይ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። «የዴዝ ሜታል አባት» ሲሉት ግን አይወድም ነበር አሉ። ይሄን ወደድኩለት።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ወንድምሽ «ዝም ብለሽ ከምታወሪ ስሚው» ብሎ ማዳመጫውን በቀኝ ጆሮዬ ከተተልኝ። በ1995 ከወጣው ሲምቦሊክ ከተባለው አልበም ነው የከፈተልኝ። ወላሂ፣ ሊያስደነግጠኝ አስቦ እንደሆነ ዓይኑ ያስታውቅበት ነበር። እኔ ግን ፈገግ አልኩ። የምሰማው የፋብሪካችንን ሽመና ክፍል ነበራ! ስንት ዓመት የሠራሁበትን። ያ ከበሮ፣ በሁለት እግር የሚመታው፣ የሌሊት ሺፍት ላይ ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲሮጡ ማለት ነው። ሌላ ሰው ጫጫታ ነው የሚለው። እዚያ የዋለ ግን አንዱን ከአንዱ ይለየዋል። ስንት ማሽን ሲጮህ የኔ አንዱ ድር ከበጠሰ ጀርባዬን ሰጥቼ እንኳ አውቀዋለሁ። የሚሰማኝ ድምፁ አይደለም፤ የሱ ድምፅ መጥፋቱ ነው። እና ዘፈኑ መሃል ላይ ከበሮው በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲል፣ ጊታሩ ብቻውን ሲቀር፣ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከበርጩማዬ ተነሣሁ! ድሩን ልቀጥል። እጄ አየር ላይ ቀረ። ወንድምሽ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊታር… አምባሰል ነው ልልሽ አልደፍርም፤ ወለዬ ሆኜ እንዲህ ብዬ ብዋሽ አምባሰል ራሱ ይታዘበኛል። ግን የሚያላዝን ነገር አለው። ሆድ ያባባል። ለዚያ ሁሉ ጩኸት እንደዚህ ያለ ውስጥ እንዳለው ለምን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?

የናንተው ሙዚቃ ከፋብሪካ ነው የመጣው ብለሽኝ ነበር አንዴ፤ ያን ጊዜ አልሰማሁሽም። ያ እንግሊዛዊው የብላክ ሳባት ባንድ ጊታር ተጫዋች፣ ቶኒ አዮሚ፣ በርሚንግሃም ብረት ፋብሪካ ሲሠራ በ17 ዓመቱ ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቱ ኮፍያ ሠራ፣ የጊታሩን ክር አላላው፣ ድምፁ ወፈረ። እንዲያ ከሆነማ ይሄ ሙዚቃ የወዛደር ልጅ ነው። ካንቺ ይልቅ ለኔ ይቀርባል ማለት ነው።

ወደ ቻክ ልመለስ። ከ1987 እስከ 1998 ሰባት አልበም አወጣ፤ ሁለቱ እንኳ በአንድ ዓይነት አባላት አልተሠሩም። አስቸጋሪ ሰው ሳይሆን አይቀርም። በ1990 ወደ አውሮፓ ሊሄዱ ሲሉ እሱ በመጨረሻው ሰዓት ቀረ፤ ጓደኞቹ በሌላ ሰው ተክተውት ሄዱ። እሱ ደግሞ ተቀይሞ አባረራቸው። ይሄን ልጅነት እለዋለሁ። የሚያስደንቀኝ ሌላው ነው። መጀመሪያ የዘፈነው ሁሉ ደምና ሬሳ ነበር፤ ሰው ወደደለት። እዚያው ቢቀመጥ ማንም አይጠይቀውም። እሱ ግን ተወውና ስለሰው ባሕርይ፣ ስለውሸት፣ ስለራሱ መጻፍ ጀመረ። በ1991 ሂዩማን የተባለውን ሲሠራ ከሱ የተለየ ዕውቀት ያላቸውን፣ ጃዝ የሚወዱ ወጣቶችን አስገባ። በመጨረሻም ኮንትሮል ዲናይድ የሚባል ሌላ ባንድ አቁሞ መዝፈኑን ለሌላ ሰው ለቀቀና እሱ ጊታሩን ያዘ። በገዛ ባንድ ማይክ መልቀቅ ቀላል ነው? እናንተ ባንድ ውስጥ እስኪ ማን ያደርገዋል?

ትምህርቱን ግን አቋርጦ ነበር። አዎ፣ ይሄን ልትነግሪኝ እንደነበር አውቃለሁ። ወንድምሽ ቀጥሎ ያነበበውን ግን አልነገርሽኝም፤ ኋላ ተጸጽቶበታል። ሙዚቀኛ ባልሆን ኖሮ የእንስሳት ሐኪም ወይ ምግብ አብሳይ እሆን ነበር ይል ነበር። ስለሞት የሚጮኸው ሰውዬ እንስሳ ወዳድ ነበር። ድመቷ ትዝ አለችኝ፤ በዝናብ ከሸዋ በር ያመጣሻት።

በ1999 አንገቱን ያመው ጀመር። ነርቭ ነው ብሎ አስቦ ሄደ። ልክ 32 ዓመት በሞላው ቀን፣ በልደቱ፣ አንጎሉ ግንድ ላይ ዕጢ አለ አሉት። ለሕክምናው የሚበቃ ገንዘብ ቤተሰቡ ጋ አልነበረም። አድናቂዎቹና ሙዚቀኞቹ ኮንሰርት እያዘጋጁ፣ ዕቃ እያጫረቱ አዋጡለት። በ2000 መባቻ ቀዶ ሕክምና አደረገ። በታኅሣሥ 2001 እንደፈረንጆቹ በ34 ዓመቱ ሞተ። ሁለተኛውን የኮንትሮል ዲናይድ አልበም ሳይጨርስ።

ስኒዬን ያስቀመጥኩት እዚህ ጋ ነው። ቅሬ እኮ ነው ያደረጉለት። የማያውቁት ሰዎች፣ ከየአገሩ። አላህ ይስጣቸው። ግን እናቱን አሰብኳት፤ ጄን ነው ስሟ። ልጇ ከሞተ በኋላ ሥራውን ስትጠብቅ፣ ለአድናቂዎቹ መልስ ስትሰጥ ኖረች። የመጀመሪያውን ጊታር ስትገዛለት የሞተውን ልጇን እያሰበች ነበር። ማን ይነግራት ነበር?

እንግዲህ ልጄ፣ አትጫወቺ አልልሽም። ከሰማሁት በኋላ አፌም አይችልም። የቀረሽ ግን አንድ ዓመት ነው። አንድ ብቻ! አካውንቲንግ ደስ እንደማይልሽ አውቃለሁ። ባንዳችሁ ግን ሒሳብ የሚይዝ ሰው የለውም፤ ባለፈው ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ አይደል ብር የተበደርሽኝ? ሰኞ ሄደሽ ተመዝገቢ። ልምምዱን ወደ ማታ አድርጉት። ከበሮ መቺው ካጉረመረመ እናቴ ናት በይው።

ስለ አጯጯኽሽም አንድ ነገር። ከጉሮሮሽ አታውጪው። እኛ በማሽኖቹ መሃል ስምንት ሰዓት የምንጠራራው ከሆድ ነበር፤ ከጉሮሮ የጮኸችው በሳምንቱ ድምፅዋ ይዘጋል። ስትመጪ አሳይሻለሁ። ጎረቤት ምን ይላል አትበዪ፣ እነሱም ያው ጡረተኞች ናቸው።

ቆሎና በሶ በነገው አውቶቡስ ይደርስሻል። በሶው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አለች፤ ሳታይ እንዳትበጠብጪያት። የጆሮ መድፈኛ ናት፣ ሁለት ጥንድ። ሥራ ቦታ ይሰጡን ነበር። እኔ ወሬ እንዳያመልጠኝ ብዬ አላደርግም እል ነበር፤ ሳልከፍታቸው ጡረታ ወጣሁ። አንዱን አንቺ አድርጊው፣ አንዱን ለከበሮ መቺው ስጪው።

ኮንሰርቱ መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ፣ እመጣለሁ። የግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ በቀኙ በኩል ወደ ጊታሩ አስቀምጪኝ።

እናትሽ
ኮምቦልቻ