ከዚያስ የት ገቡ?

ይድረስ ለምወድዎት አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዐይንዎስ? ጠብታውን በሰዓቱ እንደማያደርጉ እህቴ በስልክ ነግራኛለች፤ በዚህ ጉዳይ ስመጣ እንጣላለን።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ፋሲካ ያለ መልስ ያስቀረሁትን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ማታ በቴሌቪዥን የጦርነት ፊልም እያየን ነበር። የካምፑ በር ተከፈተ፣ የከሱት እስረኞች ወጡ፣ ሙዚቃው ከፍ አለና የተዋናዮቹ ስም መውረድ ጀመረ። እኔ ሳህን ላነሣ ስነሣ እርስዎ «ከዚያስ የት ገቡ?» አሉ። «ወደየቤታቸው ነዋ» አልሁ። «ቤታቸውስ ባዶውን ቆያቸው?» አሉኝ። ወደ ማድ ቤት ሄድሁ።

ሠላሳ ዓመት ከሲኒማ ቤት ማሳያ ማሽን ጀርባ የቆመ ሰው፣ ፊልም የት ላይ እንደሚቋረጥና ለምን እንደሚቋረጥ ማወቁ አይገርምም። እኔ ግን እዚህ ቡዳፔስት ተመልሼ ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ከናዚ ካምፖች ተርፈው ስለተመለሱ አይሁዶች የተሠሩ ፊልሞችን እየፈለግሁ ማየት ጀመርሁ። ብዙ አይደሉም።

ከሁሉም የያዘኝ የሃንጋሪው ነው። ስሙ ቁጥር ብቻ ነው፤ «1945»። ፌሬንትስ ቶሮክ በ2017 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው፤ እርስዎ በሚወዱት በጥቁርና ነጭ። ታሪኩ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ኦገስት 12 ቀን 1945፣ በእኛ ነሐሴ 6 ቀን 1937 ዓ.ም.። ጥቁር የለበሱ ሁለት አይሁዶች፣ አንድ አዛውንትና ወጣት ልጁ፣ ሣጥን ይዘው ከባቡር ይወርዳሉ። ሣጥኑን በፈረስ ጋሪ ያስጭኑና ከኋላው በእግራቸው ይከተላሉ። ይኸው ነው። አይሮጡም፣ ማንንም አይሳደቡም፣ ከሰው ጋር እንኳ ብዙ አይነጋገሩም። መንደሩ ግን ይታመሳል። የባቡር ጣቢያው ኃላፊ ብስክሌቱን ይዞ ዜናውን ለማድረስ ይከንፋል። አንዷ ሴት ምንጣፉንና የብር ዕቃውን ለመደበቅ ትሯሯጣለች። የመንደሩ ጸሐፊ በዚያው ዕለት ልጁን ይድራል፤ ልጁ የሚሠራበት ሽቶና መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ የአንድ ወዳጁ የአይሁድ ነበር። ወዳጁን አሳልፎ የሰጠው ማን እንደሆነ እርስዎ ገና ፊልሙ ሳይጋመስ ያውቁታል።

ይህ ልብ ወለድ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን እውነት ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ፣ ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ፣ ከሃንጋሪ ክፍለ ሀገራት ከ430,000 የሚበልጡ አይሁዶች በባቡር ተጭነዋል፤ አብዛኞቹ ናዚዎች ፖላንድ ውስጥ ወዳቋቋሙት የሞት ካምፕ፣ ወደ ኦሽዊትዝ። ቤቱ፣ አልጋው፣ የሱቁ ቁልፍ ቀረ። የቀረውን ንብረት ሌላ ሰው ወሰደው፤ አንዳንዱ በወረቀት፣ በማኅተም። የባለቤቱ ተመልሶ መምጣት በማንም ሒሳብ ውስጥ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ማሽን ክፍሉ ውስጥ አጠገብዎ አስቀምጠውኝ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «እኔ ፊልሙን አላይም፣ የሚያየውን ሰው ማጅራት ነው የማየው፤ መቼ እንደደነገጠ ከማጅራቱ ይታወቃል» ብለውኝ ነበር። ይህ ፊልም እንደዚያ ነው የሚያየው። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ በየመስኮቱና በየደጃፉ ቆመው በሚያዩት ላይ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ልነግርዎት አልፈልግም ነበር፤ ግን አልቻልሁም። የመንደሩ ሰው ለንግድ የመጣ ሸቀጥ መስሎታል። ሰዎቹ ግን ወደ አይሁድ መቃብር ይሄዱና የልጆች ጫማ፣ መጫወቻና መጻሕፍት አውጥተው ይቀብራሉ። ከሙታኑ የተረፈው ያ ነው። ከዚያ በመጡበት ባቡር ይመለሳሉ። ቤት አልጠየቁም። በማግስቱ ሥራ ስሄድ በዳኑብ ዳር ባሉት 60 ጥንድ የብረት ጫማዎች በኩል አለፍሁ፤ የሃንጋሪ ፋሺስቶች ወንዙ ዳር ጫማቸውን አስወልቀው የረሸኗቸውን አይሁዶች ለማስታወስ የተሠሩ ናቸው። ያን ቀን ሥራ ዘግይቼ ገባሁ።

የጣሊያኑን ፊልም አልወደድሁትም፤ ሙሉ በሙሉ ማለቴ አይደለም። ጣሊያናዊው አይሁድ ጸሐፊ ፕሪሞ ሌቪ ከኦሽዊትዝ ጃንዋሪ 27 ቀን 1945 ነፃ ወጥቶ ቶሪኖ ቤቱ የደረሰው ኦክቶበር 19 ነው፤ ዘጠኝ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በሩሲያና በሩማኒያ ዞሮ። መንገዱን የፊልሙ አዘጋጅ ፍራንቼስኮ ሮዚ በደንብ አሳይቷል። ሙኒክ ጣቢያ ላይ ግን አንድ ጀርመናዊ ወታደር በሌቪ ፊት ይንበረከካል። ሌቪ ራሱ የጻፈው ግን የተመላሾቹን ዐይን ቀና ብሎ ያየ ሰው አለመኖሩን ነው። ፊልሙ ለተመልካቹ ያዘነለት ይመስለኛል። እርስዎ ቢሆኑ እዚያች ላይ ጉሮሮዎን ይጠርጉ ነበር።

የጀርመኑ ክርስቲያን ፔትዞልድ ግን አላዘነም። «ፊኒክስ» ላይ ኔሊ የምትባል ዘፋኝ ፊቷ ተበላሽቶ በቀዶ ሕክምና ተጠግኖ በርሊን ትመለሳለች። ባልዋ አያውቃትም። ሚስቱን ስለምትመስል ብቻ፣ ውርሱን ለመውሰድ ሚስቱን ሆና እንድትተውን ይቀጥራታል። ቀይ ቀሚስና የፓሪስ ጫማ አድርጋ ከባቡር እንድትወርድ ይፈልጋል። እንዲህ ለብሶ ከካምፕ የሚመለስ ሰው የለም ብትለውም አይሰማትም። ባልዋ የሚያውቃት በመጨረሻ ነው፤ እሱ ፒያኖ እየመታ እሷ ስትዘፍን፣ እጅጌዋ ከፍ ሲል ክንዷ ላይ ያለው ቁጥር ይታየዋል፤ ጣቶቹ ይቆማሉ።

ቤታቸው ባዶውን ቆይቷቸው እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። የፖላንዷን ኪየልትሴን ልንገርዎት፤ ይህ ፊልም አይደለም። ጁላይ 4 ቀን 1946፣ ጦርነቱ ካበቃ ከዓመት በኋላ፣ ከሞት ተርፈው በአንድ ሕንጻ ተጠግተው በሚኖሩ አይሁዶች ላይ ወታደሩም ፖሊሱም የከተማውም ሰው ተነሣባቸው፤ 42 ሰው ተገደለ። ምክንያቱ አንድ ልጅ ምድር ቤት ውስጥ ቆልፈውብኝ ነበር ማለቱ ነው። ሕንጻው ምድር ቤት አልነበረውም። ከዚያ በኋላ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩት አገሩን ጥለው ወጡ።

ለገና ስመጣ የሃንጋሪውን ፊልም በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ። ዐይንዎ ጽሑፉን ለማንበብ እንደማይመችዎ አውቃለሁ፤ ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ አጠገብዎ ተቀምጬ እተረጉምልዎታለሁ። የጋሪው ድምፅ ሲመጣ ግን ዝም እላለሁ፤ እሱን እርስዎ ይስሙት።

ልጅዎ፣
ከቡዳፔስት