ስለ ጥቁሩ ገጽ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልካችን ዕረፍት አጥቷል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የመጋዘን ፕሮግራማችን መስኮቱን ትቶ ጥቁር ገጽና ነጭ ጽሑፍ ይዞ እየተከፈተ አስደንግጧችኋል። ለድንጋጤው ይቅርታ። ግን ቫይረስ አይደለም፣ አልተበላሸምም። ሆን ብለን ነው ያደረግነው።

ማሽኖቻችሁ በሚሠሩበት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ መስኮት እንዲታይ ስክሪኑን የሚያስተዳድር ሌላ ፕሮግራም (ሰርቨር ይባላል) መነሳት አለበት። በቆዩት ማሽኖች ኤክስ ነው፣ በአዳዲሶቹ ዌይላንድ። እሱ ካልተነሳ የእኛ ፕሮግራም ቀድሞ ዝም ብሎ ይዘጋ ነበር። ጀንፈል ቡና የጫነ አይሱዙ በር ላይ ቆሞ፣ ሚዛን ላይ ያለው ልጅ በካርቶን ቁራጭ ሲመዘግብ ስንቴ አይተናል! አሁን ቢያንስ በጽሑፍ ይከፈታል። የመዘገባችሁት ሁሉ መስኮቱ ሲመለስ እዚያው ይጠብቃችኋል።

አንድ ደንበኛችን፣ ልጃቸው ኮምፒውተር የተማረ ነው፣ «ይሄ እኮ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ዲስፕሌይ የሚባለው ተለዋዋጭ ባዶ መሆኑን ማየት ይበቃል፤ ሲከፈት ምን ያዘገየዋል?» ብለውናል። እውነቱን ለመናገር ከፍቶናል። ያ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሰርቨሩ የት እንዳለ የሚያነቡበት አጭር ጽሑፍ፣ አድራሻ ብቻ ነው፤ አድራሻ መኖሩ ሰውየው ቤት መሆኑን አይናገርም። ሰርቨሩ ወድቆም ጽሑፉ ሊቀር ይችላል። ባዶ መሆኑም ማስረጃ አይሆንም፤ ማሽኑ ሲበራ በራሱ የሚነሳ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ተለዋዋጩ አይደርሰውም። ዌይላንድ ደግሞ የራሱ ሌላ አለው። ፕሮግራሞች ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኙበትን የሶኬት ፋይል እንይ ብንል፣ ሰርቨሩ ድንገት ከሞተ ፋይሉ ተረስቶ ይቀራል። ስለዚህ ፕሮግራማችን ራሱ ለመገናኘት ይሞክራል። መልስ ካገኘ መስኮቱን ይከፍታል፤ ካጣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ይደግማል። ያማረራችሁ መዘግየት ይኸው ነው።

«አዲስ ማሽን ሊያስገዙን ነው» የሚል ወሬም መርካቶ ላይ ሰምተናል። እንዴት ይባላል? ጅማ ፈረንጅ አራዳ ላይ ኮምፒውተር ስንጠግን ጀምሮ የምታውቁን እኮ ናችሁ። ብሩ በገበያ መተመን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዕቃው ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። የዓመት ክፍያችሁ ላይ ግን ሳንቲም አልጨመርንም። ጥቁሩ ገጽ እንዲያውም አሮጌ ማሽን ላይ ይፈጥናል።

ጥቁሩ ገጽ ሲመጣባችሁ የመብራቱን ሶኬት አትንቀሉ። በቀስቱ «ምዝገባ» ላይ ሄዳችሁ ኢንተር በሉ። ውል እናፍርስ ያላችሁንም፣ ይህን የቡና ወቅት ብቻ ታገሱን። ከዚያም ካልወደዳችሁት ደውሉልን፤ መጥተን በነጻ እናጠፋዋለን።