የእናቶቻችን ግንባርና የልጆቻችን ክንድ

ለጋዜጣችሁ የአንባቢያን አስተያየት ዓምድ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ክርስቲያን መስቀልን ወይም የቅዱሳንን ሥዕል በገላው ላይ መነቀስ ይገባዋል ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ ሰሞኑን በዓምዳችሁ የወጡትን ደብዳቤዎች በጥሞና ሳነብ ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ወጣቶች በየንቅሳት ቤቱ በሚያሠሩት «ታቱ» አዝነው የጻፉ ሲሆን፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ገላን መነቀስ የሚከለክለውን ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28ን ጠቅሰው ጉዳዩን ዘግተውታል። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ እንደማይዘጋ እኔን ያስተማረኝ የእናቴ ግንባር ነው።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው በጎንደር ገጠር ሲሆን፣ በግንባሯ መካከል ትንሽ መስቀል፣ በአንገቷ ዙሪያ ደግሞ ሐብል የመሰለ በሦስት ረድፍ የወረደ ንቅሳት አላት። ልጅ ሳለሁ ቅዳሴ አብሬያት ስሄድ፣ ቄሱ የእጅ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ ሲያሳርፉ መስቀል በመስቀል ላይ ሲያርፍ እያየሁ እደነቅ ነበር። ባለፈው ዓመት በጾመ ፍልሰታ ግን በአንድ ደብር በተደረገ ጉባኤ ላይ አንድ ሰባኪ ያንኑ ጥቅስ አንብበው ሲያበቁ፣ ገላውን የተነቀሰ ሁሉ የአሕዛብን ምልክት የተሸከመ ነው ብለው በቁጣ ተናገሩ። ሰባኪው የሚገሥጹት ወጣቶቹን እንደነበር አይጠፋኝም። ከፊት የተቀመጡት ግን እናቶች ነበሩ። እናቴ ምንም ሳትል ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ሳበች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነጠላዋ ከዚያ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ስትቆርብ እንኳ ግንባሯን ሸፍና ነው።

ስለዚህ ጥቅሱን ሙሉውን እንድናነበው እለምናለሁ። ቃሉ በአንድ ላይ ሁለት ነገር ይከለክላል፤ ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መንጨትንና ገላን መነቀስን። ብዙ የመጽሐፍ ተርጓሚዎች እንደሚያስረዱት ሁለቱ ጎን ለጎን የተጻፉት በእስራኤል ዙሪያ ከነበሩት ሕዝቦች የሐዘንና የጣዖት ልማድ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ነው። በእኛ አገር በለቅሶ ላይ ፊቷን ነጭታ፣ ደም በደም ሆና ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት ስንት ጊዜ አይተናል? የጥቅሱ የመጀመሪያ ክፍል በቀጥታ የሚመለከተው ይህንን ሆኖ ሳለ፣ ስለ ንቅሳት ሲሰበክ ስለ መንጨት አንዲት ቃል ሲነሣ አልሰማሁም።

በሌላው ዓለም ያሉ ብዙ ክርስቲያኖች ለዚህ ጥያቄ ኦሪት አልፏል የሚል አጭር መልስ አላቸው። ለእኛ ግን ይህ መልስ አይበቃም። ወንድ ልጃችንን በስምንተኛው ቀን የምንገርዝ፣ ቀዳሚት ሰንበትን የምናከብር፣ የእሪያ ሥጋ የማንበላ ሕዝብ ሆነን፣ ደስ ባላሰኘን ጊዜ ብቻ የኦሪትን ቃል ወደ ጎን ማለት አንችልም። የእኔ ጥያቄ ሕጉ ያወገዘው በምን ምክንያት ነው የሚል ነው። ለሙታንና ለጣዖት ክብር የሚወጣ ምልክት፣ ሞትን ድል ከነሣው ጌታ መስቀል ጋር በአንድ ሚዛን ሊመዘን እንደማይገባው አምናለሁ። ያው መጽሐፍ ቅዱስ በኢሳይያስ ምዕራፍ 44 ቁጥር 5 ላይ የእግዚአብሔር መሆኑን በእጁ ላይ ስለሚጽፍ ሰው ይናገራል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የጋዛው ፕሮኮፒዮስ ይህን ቃል ሲተረጉም፣ ብዙ ክርስቲያኖች በእጃቸው አንጓ ወይም በክንዳቸው ላይ የመስቀልን ምልክት ወይም የክርስቶስን ስም ያሳትሙ እንደነበር ጽፏል። በአንጻሩ የንቅሳት ደጋፊዎች ከገላትያ ምዕራፍ 6 ቁጥር 17 «የኢየሱስን ማኅተም በሥጋዬ ተሸክሜአለሁ» የሚለውን ሲጠቅሱ ስሰማ አልስማማም፤ ቅዱስ ጳውሎስ በሥጋው የተሸከመው ስለ ወንጌል የተገረፈውንና የተወገረውን ቁስል ነውና፣ ገንዘብ ተከፍሎበት ከሚሠራ ሥዕል ጋር ማስተካከሉ የሐዋርያውን መከራ ማቃለል ይሆናል።

ልማዱ በእኛ ብቻ የተወሰነም አይደለም። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን በሆነችው በግብፅ፣ የቅብጥ ክርስቲያኖች ከትንሽነታቸው ጀምሮ በቀኝ እጃቸው አንጓ ውስጠኛ ክፍል መስቀል ይነቀሳሉ፤ በዚያ አገር ያ መስቀል ዋጋ የሚያስከፍል ምስክርነት ነው። በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ፣ ከያፎ በር አጠገብ፣ ከግብፅ የመጣ የራዙክ ቤተሰብ ሥራውን ለ700 ዓመታት ያህል ሲወራረሰው እንደኖረ ይናገራል፤ በእንጨት የተቀረጹትን የቆዩ ማኅተሞች ገላ ላይ አትሞ በዚያው መስመር ይነቅሳል። ጎልጎታን የተሳለሙ ምእመናን፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን፣ መስቀሉን ከተሳለሙበት ዓመት ጋር በክንዳቸው ይዘው ተመልሰዋል። በእነዚህ ሰዎች ላይ የአሕዛብ ምልክት የሚለውን ቃል ለመናገር እኔ አፌን አልከፍትም።

ሆኖም ስለ ልማዱ እውነቱን ስጽፍ መራራውን ክፍል ዘልዬ ማለፍ አልችልም። እናቴ የተነቀሰችው በስድስት ወይም በሰባት ዓመቷ ነው። ሁለት አክስቶቿ እጅና እግሯን ይዘው፣ ነቃሿ በኩራዝ ጥላሸት በተነከረ እሾህ ግንባሯን ስትወጋጋት ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ እንደጠፋ፣ ዓይኖቿም አብጠው ለቀናት እንዳላየች ነግራኛለች። ምክንያቱ ምን ነበር ብዬ ስጠይቃት አንድ ጊዜ ለቡዳ መከላከያ፣ አንድ ጊዜ ለጌጥ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ክርስቲያንነቷ እንዲታወቅ ነው ትለኛለች፤ ምናልባት ሦስቱም ነበሩ። እኔን ግን አላስነቀሰችኝም። አክስቶቿ ደጋግመው ቢጠይቋትም፣ ልጄን አታስለቅሱብኝም ብላ መልሳቸዋለች። የገዛ ግንባሯን መስቀል በፍቅር እየዳሰሰች የልጇን ግንባር ለእሾህ አለመስጠቷ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። ምልክቱን ትወደዋለች፤ የተሰጣትን መንገድ ግን አልወደደችውም።

ሃይማኖትን በግዴታ በገላ ላይ ማኖር በታሪካችንም ያጋጠመ ነው። ከ1434 እስከ 1468 (እ.ኤ.አ.) የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹም ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ቃል እንዲይዝ በጥብቅ ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። በትእዛዝ የተያዘ ቃል የያዘውን ሰው ልብ ምን ያህል እንደሚገልጽ እጠራጠራለሁ። በሌላ በኩል ከጎንደርና ከትግራይ ወደ እስራኤል ከሄዱት የቤተ እስራኤል እናቶች መካከል በግንባራቸው የመስቀል ንቅሳት ያላቸው አሉ። የሙሴን ሕግ ጠብቀው የኖሩ ሴቶች በጎረቤቶቻቸው ልማድ የተነቀሱትን መስቀል ይዘው ኢየሩሳሌም ደርሰዋል። ወደ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የሄዱ፣ ንቅሳት ኃጢአት ነው የሚል ስብከት የሚሰሙ፣ ግን የልጅነት መስቀላቸው ከግንባራቸው ያልተለየ እናቶችንም አውቃለሁ። ስለዚህ ቆዳን አይቶ ስለ ነፍስ መፍረድ፣ ለማወደስም ሆነ ለማውገዝ፣ ያሳስታል።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ልምጣ። የ22 ዓመት ልጄ ባለፈው ክረምት የእመቤታችንን ሥዕል በክንዷ ላይ መነቀስ እንደምትፈልግ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከቤቴ ውጭ ያለ አይደለም። ከትንሽ መስቀል ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ሥዕለ አድኅኖ፣ ማለትም የጌታችን፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ሥዕል፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተሥሎ፣ በክብር ቦታ ተቀምጦ፣ መጋረጃ ተጋርዶለት፣ በፊቱ የሚሰገድለት ነው። በክንድ ላይ ከሆነ ግን ከእኛ ጋር ገላ መታጠቢያ ይገባል፤ በምንቆጣበትና በምንበድልበት ሰዓትም አብሮን አለ፤ ተሸካሚውም እንደ ሥዕሉ ክብር ሁልጊዜ ራሱን ሊጠብቅ አይችልም። የግእዝ ጥቅስ ማስነቀስ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ቋንቋውን የማያውቅ ነቃሽ ንጉሡን «ሠ» በእሳቱ «ሰ» ቢለውጠው፣ በግእዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ ብርሃን ሆኖ ታየ ሲሆን «ሰረቀ» ግን ያው የሌባው ሥራ ነው። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ፊደል ይፋቃል፤ በቆዳ ላይ የተሳሳተውን ማስለቀቅ ግን ሌላ ሕመምና ሌላ ወጪ ነው።

መርፌውንም በሚመለከት ወላጆች ዝም ልንል አይገባም። ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፍ፣ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌና ቀለም የጉበት ቫይረሶች የሆኑት ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ እንዲሁም ኤች አይ ቪ ሊተላለፉ ይችላሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ያለውን ቃል ንቅሳትን ለማውገዝ ብቻ ከምንጠቅሰው፣ አዲስ መርፌ ከእሽጉ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ ብለን ልጆቻችንን ለመምከር ብንጠቀምበት ለሥጋቸውም ለነፍሳቸውም ይበጅ ነበር።

ልጄ አያቷን፣ «እማማ፣ በጣም ያማል?» ብላ ስትጠይቃት፣ እናቴ፣ «እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ አንቺ ግን የነፍስ አባትሽን ጠይቂ» አለቻት። ልጄም ጠየቀቻቸው። እርሳቸው አልተቆጧትም፤ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀን በሜሮን የታተመ ክርስቲያን ማኅተሙ በዓይን ስላልታየ ማኅተም የሌለው እንዳይመስለው፣ አንገቷ ላይ ያለው ማተብም የሰነፈ ምስክር እንዳልሆነ አስረድተው፣ ቢያንስ አንድ ዓመት በጸሎት እንድትቆይ መክረዋታል። እስካሁን እየቆየች ነው። በዓመቱ መጨረሻ ምን እንደምትወስን አላውቅም፤ ብትነቀስም ልጄ መሆኗ፣ ክርስቲያን መሆኗም አይቀርም።

የምጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም። በየዐውደ ምሕረቱ አንዱ መምህር የፈቀደውን ሌላው ሲያወግዘው እንሰማለንና፣ አባቶች የመስቀል ንቅሳትን ከሥዕለ አድኅኖ፣ የሕፃኑን ንቅሳት ከአዋቂው ምርጫ ለይተው እንዲያስተምሩን ይሁን። ፍልሰታ እየተቃረበ ነው፤ እናቴም እንደ ልማዷ ወደዚያው ጉባኤ መሄዷ አይቀርም። ሰባኪው ዘንድሮም ያንን ምዕራፍ የሚገልጡ ከሆነ፣ ማንበብ ከመጀመራቸው በፊት ከፊት የተቀመጡትን እናቶች ግንባር አንድ ጊዜ እንዲመለከቱ በትሕትና እለምናቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ